ሥዕሉ ይቅር፤ ፊደሉ ይቆይ

ስለ አልበም ሽፋን በተወራ ቁጥር የሚሰማው ነገር አንድ ነው፤ የሚሸጠው ምስሉ ነው፣ ፊደሉ መለያ ብቻ ነው። ሰው ሽፋኑን «አሪፍ ነው» ሲል ፎቶውን ማለቱ ነው፤ ፊደሉን ልብ የሚለው ስህተት ሲያገኝበት ነው። ንድፍ አውጪዎችም ይህን ሐሳብ ተቀብለው መሥራት ከጀመሩ ሰንብተዋል። መጀመሪያ ምስሉ ይመረጣል፣ ይቆረጣል፣ ቀለሙ ይስተካከላል፤ ሁሉም ከወደደው በኋላ «ጽሑፉን የት እናስገባው?» ይባላል። ቤቱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የደጁ ቦታ ሲፈለግ ማለት ነው። የሙዚቃ መተግበሪያዎች ከመጡ ወዲህ ደግሞ ነገሩ አንድ እርምጃ ገፋ፤ ሽፋኑ በስልክ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር ካከለ፣ ስሙም ከሥሩ ተጽፎ ከመጣ፣ ምስሉ ላይ ፊደል ማስፈር ምን ይሠራል የሚለው ክርክር እንደ ብልህነት ይቆጠር ጀመር። ለዘፈን አልበም ይህ ሁሉ ልክ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ውስጥ አልገባም። ለክላሲካል ሙዚቃ ግን የተገላቢጦሽ ነው እላለሁ። የክላሲካል አልበም ሽፋን ከሁሉ በፊት የፊደል ሥራ ነው። ምስል ቢኖረው ጥሩ፣ ባይኖረውም ሽፋንነቱ አይቀርም፤ ፊደሉ የጎደለበት ወይም ቅደም ተከተሉ የተዛባበት ግን ምንም ያህል ቢያምር ያላለቀ ሥራ ነው።

ምክንያቱ ከውበት በፊት የሚመጣ ነው። ተከራካሪዎቼ ሁልጊዜ የሚጠቅሱት የፒንክ ፍሎይድን «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። በ1973 የወጣው የዚያ ሸክላ ፊት ላይ አንዲት ቃል አልተጻፈም፤ ጥቁር መደብ፣ በመሐሉ ሦስት ማዕዘን ፕሪዝም፣ በአንድ ወገን ነጭ ሆኖ ገብቶ በሌላው ወገን ወደ ቀለማት የሚበተን ብርሃን፣ በቃ። ስም ሳይጻፍበት በአሥር ሚሊዮኖች ተሸጠ፤ እንግዲህ ፊደል ምን ያደርጋል ይሉናል። ምሳሌው እውነት ነው፤ የሚያስረዳው ግን ሌላ ነገር ነው። ያ አልበም በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። የደረሱትም የተጫወቱትም እነዚያው ሰዎች ናቸው፤ ሥራውና ቅጂው ተለይተው አይታወቁም። ስለዚህ ምስሉ እንደ ሰው መልክ ያገለግላል፤ አንዴ ያየው ከሌላ አያምታታውም። የቤትሆቨን አምስተኛ ሲምፎኒ እንዲህ አይደለም። የኦርኬስትራ መሪው አርተር ኒኪሽ በ1913 ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ጋር ካስቀዳው ጀምሮ ሥፍር ቁጥር የሌለው ቅጂ አለው፤ ካራያን ደጋግሞ አስቀድቶታል፣ ካርሎስ ክላይበር በ1974 ከቪየና ፊልሃርሞኒክ ጋር አስቀድቶታል፣ ዛሬም የሚያስቀዳው አይጠፋም። «አምስተኛውን ስጠኝ» የሚል ገዢ ቢመጣ የሻጩ መልስ «የማንን?» ነው። ሽፋኑ ሦስት ነገር ሳይናገር አንድም አልተናገረም፤ ማን ደረሰው፣ ምን ደረሰ፣ ማን ተጫወተው። ሦስቱንም ፎቶ ብቻውን ሊናገራቸው አይችልም።

የድቮርዣክን «ከአዲሱ ዓለም» ሲምፎኒ እንመልከት። በ1893 ተደርሶ ሲታተም አምስተኛ ተባለ፤ ከደራሲው ቀደምት ሲምፎኒዎች አንዳንዶቹ በሕይወቱ ሳሉ ስላልታተሙ በቁጥር አልገቡም ነበር። በኋላ ሁሉም በተደረሱበት ቅደም ተከተል ሲቆጠሩ ይኸው ሥራ ዘጠነኛ ሆነ። ስለዚህ በ1950ዎቹ የታተመ ሸክላ «ቁጥር 5» ቢልና ዛሬ የታተመ ሲዲ «ቁጥር 9» ቢል፣ ሁለቱ አንድ ሥራ ናቸው፤ ዛሬ «ቁጥር 5» የሚለው ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ሙዚቃ ነው። በሁለቱም ላይ የኒው ዮርክን ሰማይ ጠቀስ ፎቆች ወይም የነፃነት ሐውልትን መለጠፍ ቀላል ነው፤ ብዙዎች ለጥፈዋልም። ገዢውን ከስህተት የሚያድነው ግን ሐውልቱ አይደለም፤ ቁጥሩ፣ ቅኝቱና ቅጽል ስሙ በአንድ ላይ በትክክል መስፈራቸው ነው።

ከቤትሆቨን አንዲት የርእስ መስመር ብቻ ወስደን ጠጋ ብለን እንያት፤ «ሲምፎኒ ቁጥር 3 በኢ ፍላት ሜጀር፣ ኦፐስ 55፣ ‹ኤሮይካ›»። እዚህ ውስጥ አምስት ዓይነት መረጃ አለ። «ሲምፎኒ» የሥራው ዓይነት ነው። «3» በደራሲው ሲምፎኒዎች መካከል ያለው ተራ ነው። «ኢ ፍላት ሜጀር» ቅኝቱ ነው፤ ለሙዚቀኛ ትርጉም አለው፣ ለአዲስ አድማጭ የለውም። «ኦፐስ 55» የኅትመት ቁጥር ነው፤ ከዕቃ ዝርዝር የተቀዳ ይመስላል፣ ግን ለሚፈልገው ሰው ከሁሉ ይበልጥ የማያሳስተው እሱ ነው። «ኤሮይካ» ሰው በአፉ የሚጠራው ስም ነው። አሁን እነዚህን አምስት ነገሮች በአንድ መጠን፣ በአንድ ውፍረት፣ በአንድ መስመር ደርድራቸው፤ ማንም የማያነበው የመጋዘን መዝገብ ይወጣሃል። «ኤሮይካ»ን ብቻ አግዝፈህ ሌላውን ጣለው፤ ስሜቱን የሚያውቅ ሥራውን ግን የማያውቅ ሽፋን ይወጣሃል። ጎበዝ የፊደል ባለሙያ የሚያደርገው «ሲምፎኒ ቁጥር 3»ን በአንድ ትንፋሽ እንዲነበብ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ቅኝቱንና ኦፐሱን ከሥሩ ቀጠን አድርጎ መጻፍ፣ ቅጽል ስሙን ደግሞ በክፍተት ወይም በቀለም ለይቶ መተው ነው። ይህን ሲያደርግ ስለ ሙዚቃው አስተያየት ሰጥቷል። ለአድማጩ «መጀመሪያ ይህን እወቅ፣ ያንን በኋላ ትደርስበታለህ» ብሎታል። ማንኛውም የመጽሔት አዘጋጅ ለርእስ የሚያደርገው ጥንቃቄ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ያለው ርእስ በደራሲው የተዘጋ መሆኑ ነው፣ አንዲት ቃል መቀየር አይቻልም።

ቤትሆቨን ራሱ የፊተኛው ገጽ ፊደል ቀልድ እንዳልሆነ ያውቅ ነበር። የዚያው ሲምፎኒ የጸሐፊ ግልባጭ ዛሬ ቪየና ውስጥ ተቀምጧል፤ የርእስ ገጹ ላይ የቦናፓርት ስም የነበረበት ቦታ ከመፋቁ የተነሳ ወረቀቱ ተበስቷል። ናፖሊዮን ንጉሠ ነገሥት መሆኑን ሲሰማ ደራሲው ከኖታው ውስጥ አንድ ድምፅ አልቀየረም፤ የነቀለው ከፊተኛው ገጽ አንድ ስም ነው። በ1806 ሲታተም ርእሱ የአንድን ታላቅ ሰው መታሰቢያ የሚያወሳ ሆነ፤ ሰውየው ስም አልባ ሆኖ ቀረ። ፊት ገጽ ላይ የሚጻፍ ስም ጌጥ ቢሆን ኖሮ ያን ወረቀት እስኪቀደድ የሚፍቀው ባልነበረ።

የሽፋን ታሪክ የሚጻፈው ግን በምስል ወገን ነው፤ አባቱም አሌክስ ስታይንዋይስ ነው ይባላል። ከእሱ በፊት በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው ሸክላ በአንድ ፊቱ የሚይዘው አራት ወይም አምስት ደቂቃ ስለነበር፣ አንድ ሲምፎኒ ብዙ ሸክላ ይፈጅ ነበር። እነሱም እንደ ፎቶ መያዣ ደብተር በተጠረዘ ማኅደር ውስጥ ይቀመጡ ነበር፤ «አልበም» የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። ማኅደሩ ቡናማ ወይም ግራጫ ነው፣ ስሙ ተረከዙ ላይ ይታተማል፤ ነጋዴዎቹ ራሳቸው «የመቃብር ድንጋይ» ይሉት ነበር። የሸክላ አሳታሚው ኮሎምቢያ በ1939 የ22 ዓመቱን ስታይንዋይስ ቀጠረና በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያው ባለ ሥዕል ሽፋን ወጣ። ከዚያም የብሩኖ ዋልተር «ኤሮይካ» በአዲስ ሽፋን ሲወጣ ሽያጩ 895 በመቶ ጨመረ የሚል ቁጥር እስከ ዛሬ ሲጠቀስ ይኖራል። እንግዲህ ምስል ሸጠ፣ ፊደል ብቻውን ሲሆን መቃብር ነበር ይባላል። ቁጥሩን እንዳለ ልቀበለው፤ ግን ስታይንዋይስ ምን ሠራ? የመጀመሪያው ሽፋኑ የሮጀርስና ሃርት ሙዚቃ ነበር፤ የኒው ዮርክን ኢምፔሪያል ቲያትር የደጃፍ ሰሌዳ ፊደሎች አስቀይሮ፣ የሁለቱን ስም በመብራት አስጽፎ፣ ያንን ፎቶ አስነሣ። በዓለም የመጀመሪያው ባለ ሥዕል የአልበም ሽፋን፣ የፊደል ፎቶ ነው! ስታይንዋይስ ከፖስተር ትምህርት ቤት የወጣ ሰው ነበር፤ ፊደል በእጁ ይስል ነበር፣ ጥቅልል ያለው የእጅ ጽሑፉም በስሙ ተጠርቶ እንደ ቅርጸ ፊደል ለሌሎች እስከ መሸጥ ደርሷል። የገደለው ነገር ፊደልን አይደለም፤ ያልታሰበበትን ፊደል ነው። የመቃብር ድንጋዩ ጥፋት ጽሑፍ ብቻ መሆኑ አልነበረም፣ ጽሑፉ የማንም እጅ ያልነካው መሆኑ ነበር።

ከሁሉ የበለጠ ማስረጃዬ ግን ቢጫው ሰሌዳ ነው። ዶይቸ ግራሞፎን በ1898 ሃኖቨር ላይ የተቋቋመ ኩባንያ ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስሙ ጎድፎ፣ ገበያው ጠብቦ በነበረበት ጊዜ ሃንስ ዶሚዝላፍ የሚባል የንግድ ምልክት ጠቢብ ጠራ። በ1949 ቢጫው ስያሜ ከቱሊፕ አበባ አክሊሉ ጋር መጣ፤ በ1957 ደግሞ ሽፋኑ ላይ ያ ሰፊ ቢጫ ሰሌዳ ወጣ። ሰሌዳው የሽፋኑን ላይኛ ክፍል ይይዛል፤ ዙሪያውን ቀጭን መስመር ይከበዋል፤ ከላይ አክሊሉና የኩባንያው ስም፣ ከሥሩ ደራሲው፣ ሥራው፣ ተጫዋቾቹ ይሰፍራሉ። ከሰሌዳው ውጭ ያለው ቦታ እንደ ፈቀደ ይሁን፤ ደን ይሁን፣ የመሪው ፎቶ ይሁን፣ የድሮ ሥዕል ይሁን። ብልኃቱ እዚህ ላይ ነው። ምስሉ በየአልበሙ ሊለዋወጥ ይችላል፣ ሊያምርም ሊያስጠላም ይችላል፤ ሦስቱ ስሞች ግን ሁልጊዜ ከዚያው ቦታ፣ በዚያው ሥርዓት ይገኛሉ። ገዢው ከሱቁ በር ላይ ሆኖ ቢጫውን ያያል፣ ቀርቦ ያነባል፣ ከዚያ ወደ ፎቶው ይወርዳል። አዎ፣ ቢጫው ቀለም ማስታወቂያ ነው፤ ማስታወቂያ አይደለም ያለ የለም። ግን ከ60 ዓመት በላይ በሰው ዐይን ውስጥ የቀረው ከእነዚያ ሁሉ ሽፋኖች አንድም ፎቶ አይደለም፤ ለስም የተከለለው ያ ቦታ ነው። ኩባንያው ራሱ በኋለኞቹ ዓመታት ሰሌዳውን እያሳነሰ ፊትን እያሰፋ መምጣቱ፣ የያዘውን ነገር ዋጋ ረስቶት ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ፊትን ካነሣን፣ ጠንካራው ተቃውሞ ከዚህ በኩል ነው የሚመጣው። ሥራው የቤትሆቨን ነው፤ ይህ ቅጂ ግን የተጫዋቹ ነው፤ እንግዲያውስ የሚሸጠው ሰው ፊቱን ቢያሳይ ምን ክፋት አለው? ምንም የለበትም። ክፋቱ የሚመጣው ፊቱ የፊደሉን ቅደም ተከተል ሲገለብጠው ነው። ካራያን ዐይኑን ጨፍኖ፣ ብርሃን ግንባሩ ላይ አርፎ የሚታይባቸው የ1970ዎቹና የ80ዎቹ ሽፋኖች ብዙ ናቸው፤ ብራምስ ይሁን ቻይኮቭስኪ ፊቱ ያው ነው። መሪው ምን እየመራ እንደሆነ ከፊቱ ማወቅ ስለማይቻል፣ ሽፋኑ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ይሆናል፤ ካራያን መሆኑን። ፒያኒስቱ ግሌን ጉልድ በ1955 ያስቀዳውን የባኽን «ጎልድበርግ ቫሪዬሽንስ» ከዚህ ጋር አስተያዩት። ኮሎምቢያ በሚቀጥለው ዓመት ሲያወጣው በሽፋኑ ላይ የጉልድን ትንንሽ ፎቶዎች በሰንጠረዥ ደረደረ፤ ሲያንጎራጉር፣ ሲያጎነብስ፣ እጁን ሲያወናጭፍ። ፎቶዎቹ 30 ናቸው፤ ቫሪዬሽኖቹም 30 ናቸው። ሁሉም ሰው ሽፋኑን የሚወደው ወጣቱ ቆንጆ ስለሆነ ነው፤ እኔ የምለው ግን ምስሉ በፊደል ሕግ ስለተሠራ ነው የቆየው። ፎቶዎቹ እንደ ቃላት በመስመር ተደርድረው ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባሉ፤ ቁጥራቸውን የወሰነው ሙዚቃው ነው። ፊት እንዲህ ሲታዘዝ ከፊደል ጋር ጠብ የለውም። (በነገራችን ላይ «ጎልድበርግ» የሚለው ስም በ1741ዱ የመጀመሪያ ኅትመት የርእስ ገጽ ላይ የለም፤ ያ ገጽ የሚለው ሥራው ሁለት ረድፍ ቁልፍ ላለው ሃርፕሲኮርድ መደረሱን ነው። ጉልድ የተጫወተው አንድ ረድፍ ባለው ፒያኖ ነው። ሽፋኑ የመሣሪያውን ስም መናገር ያለበት ለዚህ ነው፤ ሰንጠረዡ ብቻውን አይናገረውም።)

ሌሎች ደግሞ ከተቃራኒው ጫፍ ይመጣሉ፤ ፊደል ይኑር ግን አይታይ ይላሉ። ይህ ሐሳብ ጥንታዊ ክብር አለው። እንግሊዝ አገር ትሠራ የነበረችው የፊደል ባለሙያ ቢያትሪስ ዋርድ በ1930 ባደረገችው ንግግር፣ ጥሩ የኅትመት ፊደል እንደ ጥርት ያለ ብርጭቆ ነው አለች፤ ወይኑን ያሳያል እንጂ ራሱ አይታይም። ለመጽሐፍ ገጽ ይህ ትልቅ ምክር ነው። ሽፋን ግን ገጽ አይደለም፤ ሰው ሦስት መቶ ገጽ አያነበውም፣ በሦስት ሰከንድ ይወስንበታል እንጂ። ምሳሌውንም ወደ እኛ ቤት ብናመጣው ይሰነጠቃል። ጠጅ በብርሌ ነው የሚጠጣው። ብርሌው ጥርት ያለ ነው፣ ጠጁን ያሳያል፤ ግን አንገቱ ቀጭን ነው፣ ሆዱ ሰፊ ነው፣ እንዴት እንደሚያዝና በምን ፍጥነት እንደሚጠጣ እሱ ነው የሚወስነው። ማንም ብርሌ አይታይም አይልም። በክላሲካል ሽፋን ላይ «ትሑት» ተብሎ የሚወደሰው ቀጭን፣ ነጣ ያለ፣ ጥግ የተወሸቀ ፊደልም ገለልተኛ አይደለም። አስተያየት እየሰጠ ነው፤ «ይህ ሙዚቃ ለሚያውቁት ነው፣ የማታውቅ ከሆነ አትጠይቅ» እያለ ነው። ትሕትና መስሎ የመጣ ትዕቢት ነው።

አዲስ አድማጭ ካነሣን፣ ረጅም ርእስና የኦፐስ ቁጥር ሰው ያስፈራል የሚባለውን ክርክር በአጭሩ ላልፈው፤ ገበያው ራሱ መልሶታልና። ክላውስ ሃይማን በ1987 ሆንግ ኮንግ ላይ የሙዚቃ አሳታሚውን ናክሶስን ሲያቋቁም ሊያሳየው የሚችለው ታዋቂ ፊት አልነበረውም። ተጫዋቾቹ በአብዛኛው ስም ያልነበራቸው ሰዎች ናቸው፤ ዋጋው ርካሽ ነው። ሽፋኑ ነጭ ነው፣ የደራሲው ስም ከላይ ገዝፎ ይሰፍራል፣ ሥራዎቹ ከሥሩ ይዘረዘራሉ፣ ከዚያ አንድ የድሮ ሥዕል። ንድፍ አውጪዎች ሲስቁበት ኖረዋል፤ እውነትም የሚያምር አይደለም፣ ፊደሉም የተሻለ እጅ ያስፈልገው ነበር። ግን ምን እንደሚገዛ ግራ የገባው አዲስ አድማጭ የሄደው ወደዚያ ነው፤ ነጩ ሽፋን ምን እንደያዘ በግልጽ ይነግረዋልና። ጀማሪን የሚያስፈራው መረጃ ሳይሆን የተዝረከረከ መረጃ ነው። ጀማሪ ደግሞ ከሁሉም ሰው ይበልጥ የሚያነብ ሰው ነው፤ የሚያውቅ ሰውማ ፎቶ አይቶም ይለያል።

አሁን ወደ ስልኩ። የሸክላ ሽፋን በየጎኑ 31 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር፤ ሲዲ ሲመጣ 12 ሆነ፣ ስፋቱ ወደ ሰባት እጅ ገደማ ጠበበ ማለት ነው። በመተግበሪያ ዝርዝር ውስጥ ደግሞ አንድ ሳንቲ ሜትር ቢሞላ ነው። በዚህ ላይ ፊደል አይነበብም፣ መረጃው ደግሞ ከጎኑ ተጽፏል፤ ስለዚህ ፊደሉ ይውጣ ይላሉ። ክርክሩ ሁለት ስንጥቅ አለው። አንደኛው፣ ከጎኑ የተጻፈው መረጃ ለዘፈን የተቀረጸ ነው፤ አርቲስት፣ አልበም፣ ትራክ። በክላሲካል «አርቲስት» ማን ነው? ባኽ ነው፣ ፒያኒስቱ ነው፣ ወይስ ኦርኬስትራው? «ትራክ» የሚባለውስ ምንድን ነው? «አሌግሮ» የሚል ርእስ ያለው ትራክ በሺህ የሚቆጠር ነው፤ የፍጥነት ምልክት እንጂ ስም አይደለም። ችግሩ የባለ ቅሬታዎች ቅዠት እንዳልሆነ የሚያሳየው፣ አፕልን ያህል ኩባንያ በነሐሴ 2021 ፕራይምፎኒክ የሚባለውን የክላሲካል አገልግሎት ገዝቶ፣ በመጋቢት 2023 ለክላሲካል ብቻ የተለየ መተግበሪያ ማውጣቱ ነው። ሙዚቃው ያው ሙዚቃ ነው፤ የተለየ ቤት ያስፈለገው ለስሞቹ ነው። ሁለተኛው ስንጥቅ፣ መረጃው ከምስሉ ጋር ተጣብቆ የሚኖረው መተግበሪያው ውስጥ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። አንድ ሰው ሽፋኑን ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ሲልከው፣ ያም ለሌላው ሲያስተላልፈው፣ ከሥሩ የነበረው ጽሑፍ መንገድ ላይ ይቀራል። ሦስተኛው ሰው እጅ ሲደርስ የቀረው ካሬው ብቻ ነው። ያኔ ካሬው ውስጥ ስም ካለ ሥራው ስም አለው፤ ከሌለ የአንዲት ሴት መገለጫ ፎቶ ከቫዮሊን ጋር ነው። ቦታው ጠበበ ማለት ስሙ ይውጣ ማለት አይደለም፤ ለስሙ የሚተርፈው ቦታ ሊኖር ስለሚገባ ምስሉ ይቀንስ ማለት ነው። አንድ ሳንቲ ሜትር ውስጥ ሦስቱም ስሞች አይገቡም፤ አንዱ ይገባል፣ የትኛው እንደሚገባ መምረጥ ደግሞ ከመቼውም ይልቅ የፊደል ባለሙያ ፍርድ የሚጠይቅ ነው።

ይህ ነገር እኛን የሚነካን እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ላይ ስንደርስ ነው። በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው በመጋቢት 2023 ኢየሩሳሌም ያረፉት እማሆይ የመጀመሪያ ሸክላቸውን ጀርመን አገር ያሳተሙት በ1967 ነው፤ ዓለም ያወቃቸው ግን በ2006 ነው፣ በ«ኤትዮፒክስ» ተከታታይ። የዚያ ሲዲ ሥርዓት የተከታታዩ ስምና ቁጥር ነበር፤ የአገራችን የታወቁት ፒያኒስትና ደራሲ የሰው እጅ የገቡት «ቁጥር 21» ሆነው ነው። ተከታታዩ ለሙዚቃችን የዋለውን ውለታ የሚክድ ሰው አይደለሁም። የምለው ግን፣ ሰውዬዋ በአንድ ጊዜ ደራሲም ተጫዋችም ናቸው፤ በሌላው የክላሲካል ሽፋን ላይ ቦታ የሚሻሙት ሁለት ስሞች እዚህ አንድ ናቸው። እንዲህ ያለ ዕድል ያጋጠመው ንድፍ አውጪ ስሙን ከሁሉም በላይ አግዝፎ መጻፍ ነበረበት። ስማቸው ደግሞ በላቲን ፊደል አልረጋም፤ በፈረንሳይኛው አጻጻፍ «ገብሩ» ሰባት ፊደል ይፈጃል፣ በኋላ በወጡት የእንግሊዝኛ አጻጻፎች አምስት፤ «ጽጌ»ና «ማርያም»ም እንደ አሳታሚው ይለዋወጣሉ። በመተግበሪያ ውስጥ ፈላጊ ሰው አንዱን ጽፎ ሌላውን ሊያጣው ይችላል። በእኛ ፊደል ግን ሦስት ነው፤ ገ፣ ብ፣ ሩ። የሚከራከር ቢመጣ «ጽጌ» በጸሎቱ ጸ ይጻፍ በፀሐዩ ፀ የሚለው ነው፤ ያም ቢሆን አንባቢን አያሳስትም። በሽፋኑ ላይ ስሙ በፊደል ቢሰፍር ለባዕዱ ጌጥ መሆኑ ይቅርና፣ ማንኛውም የላቲን አጻጻፍ ቢጠፋ የሚመለስበት ሥር ይሆን ነበር።

«ፊደል በካሬ ውስጥ አያምርም፣ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለው፣ ዘመም የሚል የለው፣ በምን እናበላልጠው?» የሚል ምክንያት ከባለሙያዎች ይሰማል። ይህን ከሌሎቹ ተቃውሞዎች ይበልጥ አከብረዋለሁ፤ ከእጅ ሥራ የመጣ ነውና። እውነት ነው፣ የላቲኑ ንድፍ አውጪ ደራሲውን በትልልቅ ፊደል፣ ሥራውን በዘማሚ፣ ተጫዋቹን በተራ ፊደል ጽፎ ሦስቱን በቀላሉ ይለያቸዋል። የእኛ ፊደል ይህ የለውም። ግን የብራና ጸሐፊዎቻችን ማበላለጥ አላቃታቸውም፤ የእመቤታችንንና የቅዱሳኑን ስም በቀይ ቀለም ይጽፉ ነበር፣ የቀረውን በጥቁር። በድጓው ላይ ደግሞ ከንባቡ በላይ ባለችው ጠባብ ክፍተት የዜማውን ምልክት በደቃቅ ፊደል ያስገቡ ነበር፤ ንባብና ዜማ በአንድ ገጽ ላይ፣ አንዱ ሌላውን ሳይጋፋ። ሁለት መጠን፣ ሁለት ቀለም፣ የታሰበበት ክፍተት፤ ለሦስት ስም ከዚህ በላይ መሣሪያ አያስፈልግም። ለትንሿ ካሬማ ፊደላችን ጭራሽ ብልጫ አለው። «ባኽ» ሁለት ፊደል ነው፣ በላቲን አራት። «ቤትሆቨን» አምስት ነው፣ በላቲን ዘጠኝ። «ቻይኮቭስኪ» ስድስት ነው፣ በእንግሊዝኛ አሥራ አንድ። በተመሳሳይ ወርድ ውስጥ የእኛ ፊደል ገዝፎ መጻፍ ይችላል ማለት ነው።

ጣጣው ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ እሱን ግን የሚያነሣው ሰው ጥቂት ነው። ካዕብና ሣልስ የሚለዩት በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ነው፤ «ቡ» ላይ ቅጥያዋ እግሩ መሐል ላይ ናት፣ «ቢ» ላይ ታች ናት። «ሉ»ና «ሊ»ም እንደዚያው። በመጽሐፍ መጠን ማንም አይስተውም። ፊደሉ ሲያንስ፣ በተለይ ለገጽ ንባብ በተሠራ ቅርጸ ፊደል ሲጻፍ፣ ቅጥያዋ ወደ እግሩ ትሟሟለች፤ ሲወፍር ደግሞ እግሮቹ ተጣብቀው መሐላቸው ያለው ብርሃን ይጠፋል። ስለዚህ ለሽፋን የሚመረጠው ፊደል እግሮቹ ሰፋ ብለው የቆሙ፣ ቅጥያው ረዘም ያለ መሆን አለበት፤ ከሌለ ንድፍ አውጪው ያንን አንድ ስም በእጁ ይስለው፣ ስታይንዋይስም ያደረገው ይህንኑ ነው። አንድ ስም ማለት ቢበዛ ዐሥር ፊደል ነው፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ስልኩ ላይ አሳንሶ አይቶ፣ ካዕቡ ከሣልሱ ሲለይ፣ ደራሲው ከተጫዋቹ ሲለይ፣ ከዚያ የተረፈው ቦታ ለፎቶው ይሁን።